ከአዳማ ወደ ገዳም፦ ዝቋላ ወይስ ደብረ ጽዮን?

ከአዳማ ተነሥቶ ጥንታዊ ገዳም ለመሳለም ለሚያስብ ሰው ሁለት ጥሩ ምርጫ አለ፤ አንዱ ተራራ ያስወጣል፣ ሌላው ውሃ ያሻግራል።

ዝቋላ አቦ በቢሾፍቱ በኩል ነው። ተራራው 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው የአዳማን ሙቀት ለለመደ ሰው ብርዱ ቀልድ አይደለም፤ ጋቢ ይያዝ። አቀበቱ በእግር ጉልበት ይፈትናል፣ በመኪና ደግሞ ጠንካራ መኪና ይጠይቃል። አናቱ ላይ በእሳተ ገሞራው አፍ የተኛው ሐይቅ በምእመናኑ ዘንድ የተቀደሰ ስለሆነ ዋና አይታሰብም። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ንግሥ ነው፤ ተራራው በሕዝብ ይሞላል። ጸጥታ ፈላጊ ሌላ ቀን ይምረጥ።

ደብረ ጽዮን ያለችው በዝዋይ ሐይቅ ትልቁ ደሴት፣ በቱሉ ጉዶ ነው። በሞጆ አድርጎ ባቱ (ዝዋይ ከተማ) መድረስ ቀላል ነው፤ ጣጣው ጀልባው ላይ ነው። ዋጋውን ከመሳፈር በፊት «ደርሶ መልስ» ብሎ መቁረጥ ይበጃል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ሐይቁ ስለሚናወጥ በጠዋት መነሣት ግድ ነው። ታቦተ ጽዮን በዮዲት ጉዲት ዘመን ከአክሱም ሸሽታ እዚህ እንደተጠለለች ትውፊቱ ይናገራል። የደሴቱ ነዋሪዎች ዛዮች ናቸው፤ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፣ ዓሣም ያጠምዳሉ።

ለእኔ ታሪክና ሰው አብረው የሚገኙበት ደብረ ጽዮን ይበልጥብኛል። አቅመ ደካማ ወላጅ ይዞ ለሚሄድ ግን እዚያም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስድ አቀበት መኖሩን ልንገር። በሁለቱም ነጠላ ያስፈልጋል፣ ጫማ ይወልቃል፣ ፎቶ የሚነሣው ተፈቅዶ ነው።