ሕክምና ለመማር፦ የመንግሥት ምደባ ወይስ የግል ኮሌጅ?

ጎንደር ላይ የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ወላጆች የሚያነሱት ጥያቄ ነው።

አመራረጥ፦ በመንግሥት በኩል ብዙውን ጊዜ ቃለ መጠይቅ የለም። በዋናነት የሚያወዳድረው የብሔራዊ ፈተና ነጥብ፣ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ውጤትና የምርጫ ቅደም ተከተል ነው። ሕክምናን ሦስተኛ አድርጎ የሞላ ጎበዝ ልጅ ቦታውን ሊያጣ ይችላል፤ በጣም ያሳዝናል። አንዳንድ የግል ኮሌጆች ግን የራሳቸውን የጽሑፍ ፈተናና ቃለ መጠይቅ ይጨምራሉ። እዚያ ነጥብ ብቻ ሳይሆን የተሟላ ሰነድም ወሳኝ ነው። የአያት ስም በአንዱ ማስረጃ «ኃይሉ»፣ በሌላው «ኃይሌ» ከሆነ ማመልከቻው ሊቆም ይችላል፤ አስቀድማችሁ አስተካክሉት።

ወጪ፦ የመንግሥቱ ወጪ መጋራት ከምረቃ በኋላ ይከፈላል። የግሉ ከኪስ ነው፣ ያውም ለዓመታት።

ሥጋት፦ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ሲያሠለጥን የኖረ፣ የራሱ ሆስፒታል ያለው ነው። የግሉን ግን ለሕክምና ትምህርት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና እንዳለው፣ ተማሪዎቹም በየትኛው ሆስፒታል እንደሚለማመዱ ሳታረጋግጡ ብር አትክፈሉ።

ነጥቡ ከፍ ያለ ተማሪ ምደባውን ይያዝ፣ ሕክምናንም አንደኛ ይሙላ። የማለፊያ ነጥብ አግኝቶ ለሕክምና ፉክክር የማይበቃ፣ ቤተሰቡም ክፍያውን እስከ መጨረሻው የሚችልለት ከሆነ ግን የግሉ ያዋጣዋል።