ከሥራ ቅነሳ በኋላ ለቆሙልን የሕግ ባለሙያ ምስጋና፣ ለተቀነሳችሁ ደግሞ ጥቆማ

በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ሥር በሚሰጠው ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚያገለግሉ አንዲት የሕግ ባለሙያን በአደባባይ ለማመስገን፣ በቅርቡ የቅነሳ ደብዳቤ የደረሳችሁ የከተማችን ሠራተኞችም ወደዚያው እንድትሄዱ ለመጠቆም ይህን ጽፌያለሁ። ስማቸው እንዲነሣ ስላልፈለጉ ፈቃዳቸውን አክብሬ አልጠቅሰውም።

እኔና ባልደረቦቼ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ለዓመታት ሠርተናል። አሜሪካ በአጎዋ የሰጠችውን ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ለኢትዮጵያ ካቋረጠች ወዲህ የስፌት ትእዛዝ እንዴት እንደቀዘቀዘ የሐዋሳ ሰው ያውቀዋልና አላስረዝመውም። እኛም ጋ ቅነሳው ሲደርስ አሠሪያችን የአንድ ወር ደመወዝ ብቻ አስቦ “ከድርጅቱ ሌላ የምጠይቀው ክፍያ የለኝም” የሚል ክሊራንስ እንድንፈርም አቀረበልን። አብዛኞቻችን ሳንፈርም የወጣነው ሕጉን አውቀን ሳይሆን ገንዘቡ አንሶብን ነው።

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻቸው የሥራ አጥ ድጎማ እንደሚያገኙ ሰምተው እዚህም የሚመዘገቡበት ቢሮ ሲያፈላልጉ የከረሙ ባልደረቦች ነበሩን። በአገራችን ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚከፈል የሥራ አጥነት መድን የለም። ያለው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከአሠሪው የሚጠየቀው የሥራ ስንብት ክፍያና ከእርሱ ጋር የሚሄዱት መብቶች ናቸው፤ እርሱ ካመለጠ ደግሞ ሌላ የሚያዝ ገመድ የለም።

ባለሙያዋ ገና እንደተቀመጥን ያነሡት የመጀመሪያ ጥያቄ “ደብዳቤው የደረሳችሁ መቼ ነው?” የሚል ነበር። ብሶታችንን ለመዘርዘር ተዘጋጅተን ስለነበር ጥያቄው ቀዝቃዛ መስሎን እንደነበር አልደብቅም፤ ምክንያቱ የገባን ስለ ይርጋ ሲያስረዱን ነው። ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር፣ ከውል መቋረጥ ጋር የተያያዘ የክፍያ ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የሰው ኃይል ክፍሉ “በሚቀጥለው ሳምንት ኑ” እያለ የሚሰጠን የቃል ተስፋ ጊዜውን እንደማያስቆም፣ የሚያስቆመው ጉዳዩ ሥልጣን ላለው አካል ሲቀርብ ወይም አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ሲያምን መሆኑን ነገሩን።

ቀጥሎ የመጣው የማስረጃ ሥራ ነው፤ እኔ ከሁሉ በላይ ያደነቅሁት ይህንን ነው። አሠሪው በየዓመቱ አዲስ የሥራ ውል ሲያስፈርመን ስለነበር አገልግሎታችን ከመጨረሻው ውል ጀምሮ ብቻ ይቆጠር የሚል መከራከሪያ እንደሚያነሣ አስቀድመው ገመቱ። የድሮዎቹ ውሎች በእጃችን ስላልነበሩ ደመወዛችን ይገባበት ከነበረው ባንክ የሒሳብ መግለጫ እንድናስወጣ አዘዙን። መግለጫው ሲመጣ በቀይ እስክሪብቶ የአሠሪው ስም የታተመበትን መስመር ሁሉ ከመጀመሪያው ወር እስከ መጨረሻው እያሰመሩ ወረዱ፤ አንዱ ውል አልቆ ሌላው በተፈረመባቸው ወራት ላይ እንኳ ደመወዝ ያልገባበት ወር አልነበረም። መታወቂያ ባጅ፣ የጡረታ መዋጮ የተቆረጠበት የደመወዝ ደረሰኝና የቅነሳው ደብዳቤ በቀን ቅደም ተከተል ተደርድረው ከክሱ ጋር ተያያዙ። በፍርድ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተው የሚጽፉትን ራፖር ጸሐፊዎች ማቃለሌ አይደለም፤ ለብዙ ሰው ደርሰዋል። እንዲህ ያለ ክስ ግን የሚቆመው ከማመልከቻው ይልቅ ከኋላው በሚያያዘው ወረቀት ነው።

ስሌቱንም ሁላችንም እንድንረዳው አድርገው አሳዩን። የአንዲት ሠራተኛ የመጨረሻ ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ 100 ብር፣ አገልግሎቷ 4 ዓመት ቢሆን፣ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ማለትም 3,000 ብር፣ ለተከታዮቹ 3 ዓመታት ለእያንዳንዱ የዚህ ሲሶ እየተጨመረ ሌላ 3,000 ብር ይደርሳታል። ከሥራ የወጣችው በቅነሳ ስለሆነ የ60 ቀን ደመወዝ፣ 6,000 ብር፣ ተጨምሮ ድምሩ 12,000 ብር ይሆናል። የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ሳይሰጣት ከተሰናበተች የዚያ ጊዜ ደመወዝና ያልተጠቀመችበት የዓመት ፈቃድ ለብቻቸው ይታሰባሉ። ከዚህ ጎን ሲታይ የቀረበልን የአንድ ወር ደመወዝ ምን ያህል እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

የሥር ፍርድ ቤቱ የአሠሪውን መከራከሪያ ተቀብሎ አገልግሎታችንን ከመጨረሻው ውል ጀምሮ ብቻ ሲቆጥርብን አብዛኞቻችን ተስፋ ቆርጠን ነበር። ባለሙያዋ ግን ውሳኔው በተነበበበት ዕለት ግልባጩን እንድንጠይቅ አደረጉ፤ የይግባኙ ጊዜ 30 ቀን ብቻ ነውና። በይግባኙም፣ ሕጉ የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ እንደሚገምት፣ ለተወሰነ ጊዜ ሊደረግ የሚችለውም አዋጁ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ብቻ እንደሆነ፣ የፋብሪካው መደበኛ የስፌት ሥራ ደግሞ ከእነዚህ ውስጥ እንደማይገባ ተከራከሩ። የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን አሻሽሎ ሙሉ አገልግሎታችን እንዲታሰብ ወሰነ። አሠሪው በፈቃዱ ስላልከፈለም የአፈጻጸም መዝገብ አስከፍተውልን ክፍያው በዚያ በኩል ደርሶናል። ሠራተኛ በእንዲህ ያለ ክርክር የዳኝነት ክፍያ ስለማይከፍል ከኪሳችን የወጣው የፎቶ ኮፒና የባጃጅ ብቻ ነው።

ሁሉንም ሰው በተስፋ አልሞሉም፤ ይህም የበለጠ እንዳከብራቸው አድርጎኛል። ከቅነሳው በፊት በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ፣ አገልግሎቱ 5 ዓመት ያልሞላ ባልደረባችን አብሮን ሄዶ ነበር፤ የስንብት ክፍያ እንደማይገባው በግልጽ ነግረው የቀረ የዓመት ፈቃድ ክፍያውንና የሥራ ልምድ ምስክር ወረቀቱን እንዲቀበል ብቻ ረዱት። የተቆረጠብንን የጡረታ መዋጮ እናስመልስ ላልነውም፣ ከእኛ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የሚከፈለው ገንዘብ ሥራ ስላጣን ተነሥቶ የሚሰጠን እንዳልሆነ፣ አገልግሎቱ ግን ተመዝግቦ ለነገ የጡረታ መብታችን እንደሚቆጠር አስረዱን። አንዳንዶቹ ቅር ብሏቸው ወጥተዋል።

መሄድ የምትፈልጉ ዩኒቨርሲቲው ዘንድ የሕግ ትምህርት ቤቱን ነፃ የሕግ ድጋፍ ብላችሁ ጠይቁ። የቅነሳ ደብዳቤያችሁን፣ መታወቂያችሁንና የባንክ የሒሳብ መግለጫችሁን ከነኮፒው ያዙ፤ ክሊራንስ ከቀረበላችሁም ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ቅጂ ይዛችሁ አስነብቡ። ለባለሙያዋና አብረዋቸው መዝገባችንን ሲያገላብጡ ለነበሩት የሕግ ተማሪዎች በባልደረቦቼ ሁሉ ስም ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን።