405 የሚለው ቁጥር ባትሪው አይደለም፦ ያገለገለች ቢዋይዲ ሲጋል በአዲስ አበባ መሀል

መኪናዬን ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «በአንድ ቻርጅ ስንት ትሄዳለች?» ብሎ ነው። መልሴንም ሳይጠብቅ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ ዳሽቦርዱ ላይ የተጻፈውን ያነባል። ባትሪው ሙሉ ከሆነ 405 ይላል። ጠያቂው አንብቦ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ ረክቶ ይሄዳል። እኔ በዚህ እርካታ አልስማማም፤ ያ ቁጥር ስለ ባትሪው ጤንነት አንዳች የሚናገረው ነገር የለምና። ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት ብር ያጠራቀመ ሰው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ይህን ቢያውቅልኝ ደስ ይለኛል።

መኪናዋ ቢዋይዲ የሚባለው የቻይና ኩባንያ የሚሠራት፣ በኤሌክትሪክ ብቻ የምትሄድ ትንሽ መኪና፣ ሲጋል ናት። እ.ኤ.አ. በ2023 ቻይና ውስጥ ለገበያ ስትቀርብ በሁለት ዓይነት ባትሪ ነው የወጣችው፤ አንደኛው 30.08፣ ሁለተኛው 38.88 ኪሎዋት ሰዓት (የቤት ቆጣሪ ኤሌክትሪክን የሚቆጥርበት መለኪያ) ይይዛል። ፋብሪካው ለትንሹ 305፣ ለትልቁ 405 ኪሎ ሜትር ይላል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱን መለየት አስቸጋሪ ስለሆነ በቃል ብቻ «ትልቁ ነው» ሲባል ማመን አይገባም፤ ሙሉ ሲሆን 305 የሚያሳይ ከሆነ ትንሹ ነው። 405 የሚለው ቁጥር እርግጠኛ ማስረጃ የሚሆነው ለዚህ ብቻ ነው፤ የትኛውን ባትሪ እንደገዛችሁ ይነግራችኋል፣ ባትሪው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ግን አይነግራችሁም።

የእኔዋ ቻይና ውስጥ ሁለት ዓመት ገደማ ተነድታ የመጣች ናት። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ ያሉት መኪኖች በከተማው በዝተዋል። የሚሸጡበት ቋንቋ ግን ገና የቤንዚን መኪና ቋንቋ ነው፦ «ሞተሯ አልተነካም፣ ቀለሟ የራሷ ነው፣ ጎማዋ አዲስ ነው።» ስለ ባትሪው ስጠይቅ ደላላው ቁልፉን አስነስቶ «እህቴ፣ ባትሪዋ መቶ በመቶ ነው፤ ይኸው በዓይንሽ እዪው» አለኝ። ያሳየኝ መቶ በመቶ ግን ባትሪው ምን ያህል እንደሞላ የሚገልጽ ነው። እንስራ አፉ ድረስ ሞላ ማለት እንስራው ትልቅ ነው ማለት አይደለም። ያረጀና አቅሙ የቀነሰ ባትሪም ሲሞላ መቶ በመቶ ይላል። ደላላው አውቆ አታለለኝ አልልም፤ እሱም የተነገረውን ነው የሚደግመው። ገንዘቡ የሚወጣው ግን ከገዢው ኪስ ነው።

ኪሎ ሜትሩን በተመለከተ መኪናዋ ሁለት የአቆጣጠር መንገድ አላት። አንደኛው የፋብሪካውን ቁጥር በባትሪው ሙሌት መጠን እያባዛ የሚያሳይ ነው፤ ሙሉ ሲሆን 405፣ ግማሽ ሲሆን 202 ገደማ። ዳገት ውጡ፣ ጎማው ንፋስ ይጉደለው፣ አራት ሰው ጫኑ፣ ስሌቱ ያው ነው። ሁለተኛው በቅርቡ የተነዳበትን ሁኔታ አይቶ ይገምታል። የእኔ መኪና በቻይንኛ ብቻ ስለምትጽፍ ይህን ማስተካከያ ፈልጎ ያገኘልኝ ላንቻ አካባቢ ያለ አንድ ወጣት መካኒክ ነው፤ ስልኩን በማያው ፊት ይዞ ጽሑፉን እያስተረጎመ። ወደ ሁለተኛው ሲቀይረው 405 የነበረው ወደ 318 ወረደ። አብራኝ የነበረችው እህቴ ደነገጠች፤ ባትሪው የተበላሸ መስሏት ነበር። የተቀየረው ግን አቆጣጠሩ ብቻ ነው፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ስነዳ የማምነው ሁለተኛውን ነው። የሚያስደስት ቁጥር ሳይሆን የሚያደርስ ቁጥር ነው የሚያስፈልገኝ።

ፋብሪካውም ቢሆን ከመሬት ተነስቶ አልጻፈውም። ቁጥሩ ሲኤልቲሲ በሚባለው የቻይና የሙከራ ሥርዓት የተገኘ ነው። የሙከራው አማካይ ፍጥነት በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መቆምና መነሳት የበዛበት የከተማ አነዳድ። ከፒያሳ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ካዛንቺስ ለሚመላለስ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባ መጨናነቅ ቤንዚን መኪናን ያከስራል፣ የኤሌክትሪክ መኪናን ግን ያን ያህል አይጎዳም፤ ሲቆም የሚበላው ማቀዝቀዣው፣ መብራቱና ራዲዮው የሚወስዱትን ብቻ ነው። በሙከራው ውስጥ የሌለው የእኛ ዳገት ነው።

ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ በአራት ኪሎ፣ በስድስት ኪሎና በሽሮ ሜዳ አድርጎ እንጦጦ ማርያም ለመድረስ 750 ሜትር ያህል ከፍታ መውጣት አለ። መኪናዋ ብቻዋን 1,240 ኪሎ ትመዝናለች፤ ሁለት ሰው ሲጨመር 1,400 ይጠጋል። ይህን ክብደት ያን ያህል ከፍ ለማድረግ ብቻ ወደ 2.8 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል፤ ከባትሪው ሰባት በመቶ በላይ መሆኑ ነው። መንገዱን ለመሄድ የሚወጣው ከዚህ ሌላ ነው። በኪሎ ሜትር ሲታይ አጭር የሆነው ጉዞ በባትሪ ሲታይ ረጅም የሚሆነው ለዚህ ነው። ሲወረድ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ፍሬን እየሆነ ኃይል ይመልሳል። ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ስወርድ እግሬን ከነዳጅ መስጫው ላይ ማንሳት ብቻ ይበቃኛል፤ የኃይል ማሳያው ወደ መመለሻው በኩል ይዞራል፣ የፍሬን ሸራውም ያርፋል። ከወጣው ሁሉ ግን የሚመለሰው ከፊሉ ነው። ደግሞም ባትሪው መቶ በመቶ ሞልቶ ቁልቁለት የሚጀምር ሰው የሚመለሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ ዳገት አናት ላይ የሚኖሩ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት ጥሩ ነው።

ከከተማ ስትወጣ ነገሩ ይለወጣል። በፈጣኑ መንገድ ወደ አዳማ ስሄድ ከባትሪው ከሩብ ትንሽ በላይ ይወስድብኛል፤ ያንኑ መንገድ ስመለስ ከአርባ በመቶ ያልፋል። አዳማ ከአዲስ አበባ በ650 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ ልዩነቱ ሌላ ምሥጢር የለውም። በዳሽቦርዱ ተማምኖ ከአዳማ በሠላሳ አምስት በመቶ የሚነሳ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ የባትሪው ጤንነት እንዴት ይታወቃል? አንዱ መንገድ መካኒኩ ያደረገው ነው። ከመሪው ሥር ባለው መሰኪያ ላይ አንባቢ መሣሪያ ሰክቶ በኮምፒውተሩ የባትሪውን ቀሪ አቅምና የየሴሉን (ተያይዘው ባትሪውን የሚሠሩት ትናንሽ ክፍሎች) ቮልቴጅ አወጣ። የእኔዋ 96 በመቶ አሳየች። ከእሱ ይልቅ እኔን ያረጋጋኝ የሴሎቹ ቮልቴጅ እርስ በርስ መቀራረቡ ነው፤ አንድ ሴል ከጓደኞቹ ተነጥሎ የሚወርድ ከሆነ አጠቃላይ ቁጥሩ ጥሩ ቢመስልም የባትሪውን ሁሉ አቅም የሚወስነው ያ ደካማው ሴል ነው። ልጁ ይህን በትዕግሥት ነው ያስረዳኝ፤ «እትዬ፣ አማካዩን ሳይሆን ዝቅተኛውን ይዩ» አለኝ። ለሥራው የጠየቀኝ ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

ሁለተኛው መንገድ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ እኔ ከመጀመሪያው የበለጠ የማምነውም እሱን ነው። ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያዎች የሰጡትን ኃይል በኪሎዋት ሰዓት ቆጥረው ያሳያሉ፤ የሚያስከፍሉትም በዚያ ነው። መኪናዋን ከሃያ በመቶ እስከ ሰማንያ በመቶ አስሞሏት። ይህ የባትሪው ስድሳ በመቶ ነው፤ ባትሪው ጤነኛ ከሆነ 23.3 ኪሎዋት ሰዓት መውሰድ አለበት፣ ሲሞላ የሚባክነው ሲጨመር ትንሽ ከፍ ይላል። ለእኔ ጣቢያው 23.9 ቆጠረ። 19 ወይም 20 ላይ ቆሞ ዳሽቦርዱ ሰማንያ ካለ ባትሪው አንሷል፤ ሻጩ ምንም ቢል። ሻጭ ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ ካልሆነ ሌላ መኪና ፈልጉ። የጣቢያው ደረሰኝ ስልክ ላይ ይቀራል፣ ሊያከራክር አይችልም።

ስለ ቻርጅ ፍጥነቱ የምሰማው ቅሬታ ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን መኪናዋን የሚመለከት አይደለም። ሲጋል በፈጣን ቻርጀር የምትቀበለው ቢበዛ 40 ኪሎዋት ነው። ከ120 ኪሎዋት ቻርጀር ጋር ብትገናኝም የምትወስደው ያንኑ 40 ነው፤ ስለዚህ ትልቁ ጋ ወረፋ መጠበቅ ትርፍ የለውም፣ ትልቁን መቀበል የሚችል መኪናም ያስጠብቃል። ፋብሪካው ከሠላሳ እስከ ሰማንያ በመቶ በሠላሳ ደቂቃ ይላል። ከሰዓት በኋላ፣ መኪናዋ ስትነዳ ውላ ባትሪዋ ሲሞቅ፣ ወደዚያ በጣም ትጠጋለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ግን ሌሊቱን ደጅ አድራ በቀጥታ ስትሰካ ፍጥነቱ በግልጽ ይወርዳል። ባትሪዋ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ዓይነት ነው፤ ረጅም ዕድሜና ደኅንነት አለው፣ ብርድ ላይ ግን ቶሎ አይቀበልም። ጣቢያው አልተበላሸም፤ ከሥራ መልስ መሙላት ነው መፍትሔው። ከሰማንያ በመቶ በኋላም ፍጥነቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ የመጨረሻዋን ሃያ በመቶ ለመሙላት ጣቢያ ላይ መቀመጥ ከኋላ የተሰለፈውን ሰው መበደል ነው።

ያቺ የመጨረሻ ሃያ በመቶ ቤት የምትሞላ ናት። ይህ የባትሪ ዓይነት ከሞላው አንስቶ እስከሚጎድለው ድረስ ቮልቴጁ ብዙም ስለማይለዋወጥ መኪናዋ ምን ያህል እንደቀረ መገመት ያስቸግራታል። አልፎ አልፎ በዝግታ መቶ በመቶ ስትሞላ ግምቷን ታስተካክላለች፤ ይህን የማያደርግ ሰው አሥራ ሁለት በመቶ ያለው ባትሪ በድንገት ወደ ስድስት ሲወርድበት ያያል። እኔ አራት ኪሎ ባለው ግቢያችን ሌሊት በተራ ሶኬት ነው የምሞላው። በ10 አምፒር 2.2 ኪሎዋት ገደማ ይሰጣል፤ ከባዶ ለመሙላት ሃያ ሰዓት ሊጠጋ ይችላል፣ ግን ማን ከባዶ ይሞላል? የከተማ ሰው በቀን የሚያወጣውን አንድ ሌሊት ይመልሰዋል።

እዚህ ላይ ማንም ሻጭ የማይነግራችሁ ነገር አለ። ብዙ የመሀል ከተማ ቤቶች የመሬት ሽቦ፣ ማለትም ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ፣ የላቸውም። ቻርጀሩ ሲሰካ ቀይ መብራት አብርቶ አልሰጥም ይላል፤ ሰው ደግሞ ቻርጀሩ ተበላሸ ብሎ ሌላ ይገዛል፣ ይባስ ብሎም መከላከያውን አስቆርጦ ይሰካል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ያ መብራት ሕይወት ያድናል፤ በክረምት እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ የመኪና በር የሚከፍተው ልጃችሁ ሊሆን ይችላል። እኛ ግቢ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ከአጥሩ ሥር፣ የልብስ ማጠቢያው ውኃ በሚፈስበት በኩል፣ የመዳብ ዘንግ ቀበረ፤ ለመኪናዋም ከቆጣሪው ለብቻው ወፍራም ሽቦ ሳበ። ቀዩ መብራት ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

የቀረው አጭር ነው። መሪዋ ቀላል ናት፣ ጠባብ ቦታ ትቆማለች፣ ፒያሳ ላይ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። የኋላ ወንበሯ የሁለት ሰው ብቻ ስለሆነ አምስት ሆኖ ለሚንቀሳቀስ ቤተሰብ አትበቃም። ለማን ትሆናለች ብትሉኝ፣ የራሱ ግቢ ወይም ሶኬት ያለው ማቆሚያ ላለውና ውሎው ከተማ ውስጥ ለሆነ ሰው ያለ ማመንታት እላለሁ። ፎቅ ላይ እየኖረ በጣቢያ ብቻ ለሚተማመን ሰው ግን አሁን አልመክርም፤ ወረፋው ሲረዝም ምርር ይላችኋል። በየወሩ ሐዋሳ ለሚመላለስም ትልቅ ባትሪ ያለው መኪና ይሻለዋል። መኪናዋን የምትገዙ ከሆነ ሻጩን ይዛችሁ ጣቢያ ሂዱ፣ ከሃያ እስከ ሰማንያ አስሞሉ፣ ደረሰኙን ተቀበሉ፤ ስለ ዋጋው የምትነጋገሩት ከዚያ በኋላ ነው።