ኬልሽታይንሃውስ፦ ምሳ ሂትለር ይወጣበት በነበረ ተራራ

ባለፈው ሐምሌ እህቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ከሙኒክ ይዣት የጀርመን ተራራማ ከተማ ወደሆነችው በርሽተስጋደን ወጣሁ። ምሳ የበላነው 1,834 ሜትር ከፍታ ላይ ባለው፣ ዛሬ ምግብ ቤት በሆነው ኬልሽታይንሃውስ በሚባል ቤት ነው። ብዙ ሰው የሂትለር መኖሪያ ይመስለዋል። መኖሪያው ግን ከታች ኦበርዛልስበርግ ላይ የነበረው በርግሆፍ ነው። እሱ በ1945 በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ተደበደበ፤ ፍርስራሹም በ1952 ተነሣ (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ ናቸው)። ይኼኛው ሳይመታ ተረፈ።

አውቶቡሱ ካወረደን በኋላ 124 ሜትር የሚረዝም ዋሻ አለ። በሐምሌም ይበርዳል፣ ጃኬት ያዙ። ከዚያ ግድግዳው ናስ በሆነ ሊፍት ሌላ 124 ሜትር ሽቅብ። እህቴ ናሱ ላይ ፊቷን አይታ ነጠላዋን አስተካከለች። ይህን ሁሉ ያሠራው የሂትለር የቅርብ ሹም የነበረው ማርቲን ቦርማን ነው። በ1938 ተጠናቀቀ፤ ሥራው ላይ የሞቱ ሠራተኞች አሉ። ሂትለር ግን የመጣው 14 ጊዜ ገደማ ብቻ ነው ይባላል። ለዚህ ነው ሰው የሞተው?

እኔ ጉላሽ ሾርባ አዘዝኩ። ትኩስ፣ ወፍራም፣ በርበሬው ደስ የሚል፤ ዳቦውን እስከ መጨረሻ ጠረግኩበት። እህቴ የፖም ሽትሩደል በላች። ሊጡ ስስ ነው፣ ቀረፋው ከሩቅ ይሸታል፣ የቫኒላው ወጥ ገና ትኩስ ነበር። ውጪ ከተቀመጣችሁ ተራራው ሁሉ እግራችሁ ሥር ነው።

ከምሳ በኋላ ትልቁ አዳራሽ ያለውን ቀይ የእብነ በረድ ምድጃ አየን። ጠርዙ ተሸራርፏል፤ የአሜሪካ ወታደሮች ለማስታወሻ እየፈነከቱ ወስደውታል። እህቴ ስብራቱን በጣቷ እየዳሰሰች «ከየት የመጣ ነው?» አለችኝ። የሙሶሊኒ ስጦታ እንደሆነ ይነገራል አልኳት። እጇን ወዲያው ሰበሰበች። አያታችን ማይጨው ዘምቷል፤ የመርዙን ጋዝ ነገር ከልጅነታችን እየሰማን ነው ያደግነው። እኔም ከዚያ በኋላ ፎቶ ማንሣት አላሰኘኝም።

ምግቡን እመክራለሁ። ግን እባካችሁ፣ መጀመሪያ ኦበርዛልስበርግ ያለውን የታሪክ ማዕከል እዩ። አውቶቡሱም የሚነሣው ከዚያው አካባቢ ነው። ነዋሪው ከቤቱ እንዴት እንደተፈናቀለ፣ እዚያ ተራራ ላይ የተወሰነው ስንቱን እንደፈጀ እዚያ ታዩታላችሁ። ሳታዩ ከወጣችሁ የሚቀርላችሁ ውብ እይታ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ለሞቱት ሰዎች አይገባም።

በረዶ ስላለ የሚከፈተው ከግንቦት አጋማሽ እስከ ጥቅምት ነው። እንደደረሳችሁ የመመለሻ አውቶቡስ ሰዓታችሁን አስይዙ።