የሸዋ ሮቢቱ የፓምፕ መካኒክ ምስጋና ይገባዋል

በቀወትና በኤፍራታና ግድም ወረዳዎች ከወንዝ በቤንዚን ፓምፕ እየሳባችሁ ሽንኩርት የምታለሙ ወገኖች፣ ይህ ጥቆማ ለእናንተ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ አሮጌ የፓምፕ ሞተር የሚጠግን አንድ ወጣት አለ። ስሜም ስልኬም አይለጠፍ ስላለ አንጽፍም፤ ከተማ ገብታችሁ «የፓምፕ መካኒኩ» ብትሉ የባጃጅ ልጆች ያደርሷችኋል። የምናመሰግነው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሳይፈትሽ ዕቃ ግዙ አይልም፤ የሚፈትሽበትም ቅደም ተከተል ትክክል ነው። ሥራውን የምናውቅ ሰዎች ስለሆንን እንዴት እንደሚሠራ ዘርዘር አድርገን እንጻፈው፣ እግረ መንገዱንም ማሳ ላይ ራሳችሁ የምትሞክሩት ይገኝበታል።

እጁ ላይ የሚበዙት 5.5 የፈረስ ጉልበት ያለው ሆንዳ ጂኤክስ 160 እና የእሱ ግልባጭ የሆኑት የቻይና ሞተሮች ናቸው። አንዳንዱ ሞተር ዕድሜው ከባለቤቱ የበኩር ልጅ ይበልጣል።

ሲያመጡለት መፍቻ አያነሳም። መጀመሪያ «እንዴት ሆኖ ነው የጠፋው?» ይላል። ማጥፊያውን የነኩት ይመስል ድንገት ቀጥ ካለ፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ብልጭታ ወይም ዘይት ሲጎድል ሞተሩን የሚያጠፋው መቆጣጠሪያ ነው። እየጨመረ እየቀነሰ፣ እያቃሰተ ከጠፋ ነዳጅ ነው። ገመዱን ከእጅ መልሶ የሚነጥቅ፣ በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) የሚተኩስ ከሆነ ደግሞ ታይሚንግ፣ ማለት ብልጭታው የሚመጣበት ሰዓት ነው። ለዚህ ጥያቄ ገንዘብ አይከፈልም፣ ግን የሥራው ግማሽ እዚያ ላይ ያልቃል።

ከነዳጁ እንጀምር። 10 ወይም 20 ደቂቃ ሠርቶ የሚጠፋ፣ ትንሽ አርፎ የሚነሳ፣ ደግሞ የሚጠፋ ፓምፕ ሲገጥመው የታንከሩን ክዳን ላላ አድርጎ ያስነሳዋል። ክዳኑ ላይ አየር የምታስገባ ቀጭን ቀዳዳ አለች። እሷ በአቧራና በጭቃ ስትደፈን ታንከሩ አየር ያጥረዋል፣ ቤንዚኑም አልወርድም ይላል። ክዳኑ ሲከፈት «ስስስ» የሚል ድምፅ ከተሰማ በሽታው ተገኘ ማለት ነው። ሌላ ቦታ «ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) አልቋል» ተብሎ የተፈረደበት ሞተር፣ እሱ ጋ ክዳኑ ታጥቦ ብቻ ሲመለስ አይተናል።

ክዳኑ ደህና ከሆነ የካርቡሬተሩን ማፍሰሻ ቡሎን ፈትቶ ቤንዚኑን በጠራ የሃይላንድ ጠርሙስ ይቀበላል። ሳይቆራረጥ መውረድ አለበት። ጠብ ጠብ ካለ የነዳጁ መዝጊያ ሥር ያለችው የቆሻሻ መያዣ ኩባያ ወይም ታንከሩ ውስጥ ያለው ወንፊት ተደፍኗል። ቀጥሎ ጠርሙሱን ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ጥቂት ይጠብቃል። ውሃ ካለበት ከታች ይዘቅጣል፤ በመሃል መስመር ሠርቶ በዓይን ይታያል። መጨረሻ ላይ በነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ያደርጋል። ንጹህ ቤንዚን ወዲያው ተኖ ይጠፋል፤ ናፍጣ ወይም ላምባ የተቀላቀለበት ግን የቅባት ክብ ትቶ ይቀራል። ቤንዚን ከመንገድ ዳር በጠርሙስ መግዛት ግድ ለሚሆንበት ሰው ይህ የወረቀት ሙከራ ብዙ ጣጣ ያድናል።

ቾክ (የአየር መዝጊያው) ሳይሳብ አልሠራም የሚል ሞተር፣ ወይም ጋዝ ሲቀነስለት የሚዋዥቅ፣ ብዙ ጊዜ የካርቡሬተሩ ትንሿ ጄት፣ ማለት ቤንዚን የሚያልፍባት ቀጭን ቀዳዳ ያላት ናስ፣ ተደፍናበት ነው። ይህ የሚሆነው ክረምቱን ሙሉ ቤንዚን ውስጡ አድሮ ሲከርም ነው፤ ቤንዚኑ ይተንና እንደ ሙጫ ያለ ነገር ይተዋል። ልጁ የሚጠርጋት ከመብራት ገመድ በመዘዛት አንዲት የመዳብ ክር ነው። መርፌና የብረት ሽቦ አያስነካትም፤ የጄቷ ናስ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳዋ ትሰፋለች፣ ከሰፋች በኋላ ሞተሩ ለዘላለም ቤንዚን ጠጪ ይሆናል። በጋው ሲያልቅ የነዳጁን መዝጊያ ዘግታችሁ ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ብታሠሩት፣ ከዚያም ከካርቡሬተሩ ሥር የቀረውን ብታፈሱት፣ ለዚህ ሥራ እሱ ጋ መምጣት አያስፈልጋችሁም። እሱም ይህንኑ ነው የሚነግራችሁ፤ ገበያውን ራሱ ይዘጋል።

ከካርቡሬተሩ ቤንዚን የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ሞተሩን አታስነሱት። የጋሊጃንቱ (ካርቡሬተሩ ውስጥ የሚንሳፈፈው ዕቃ) መርፌ አልዘጋ ብሎ ትርፉ ቤንዚን ወደ ዘይቱ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ዘይቱን አሽትቱት። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ወይም መጠኑ ሳይጨመርበት ከፍ ካለ ቀጥኗል ማለት ነው፣ ብረቱን አያለሰልስም። መርፌው ተስተካክሎ ዘይቱም ተቀይሮ ነው የሚነሳው።

ፓምፕ ከቆላ ወደ ደጋ ለምታከራዩ አንድ ነገር እንጨምር፤ ልጁም ደጋግሞ የሚናገረው ነው። ሸዋ ሮቢት ከፍታዋ 1,300 ሜትር ገደማ ነው፣ ደብረ ብርሃን ግን ከ2,700 በላይ። የጣርማ በርን ዳገት ተሻግሮ ደጋ የወጣ ሞተር ስስ አየር ስለሚገጥመው ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ከፍታው 300 ሜትር በጨመረ ቁጥርም 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል። ለደጋ አነስ ያለ ዋና ጄት ይገባለታል። ያንኑ ጄት እንደያዘ ወደ ቆላ ከተመለሰ ግን ነዳጅ አጥሮት ይግላል፣ ስለዚህ ሲመለስ ይቀየር። የመሳብ አቅሙም ያንሳል፦ ደብረ ብርሃን ላይ የአየሩ ግፊት ውሃን በሒሳብ 7 ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚያነሳው፣ በተግባር ደግሞ ከዚያም በታች። ፓምፑን ከውሃው 6 ሜትር ላይ አስቀምጦ ሞተሩን መርገም አግባብ አይደለም።

ታይሚንጉ ላይ ነው የልጁ እጅ የሚታወቀው። በእነዚህ ሞተሮች ታይሚንግ የሚዞር ብሎን የለውም፤ ብልጭታው የሚመጣው ቮላኖው (ከዘንጉ ጋር የሚዞረው ከባድ ጎማ መሰል ብረት) ላይ ያለው ማግኔት በቦቢናው (ኤሌክትሪኩን በሚያመነጨው ጥቅል ሽቦ) ፊት ሲያልፍ ነው። ቮላኖውን ከዘንጉ ጋር በቦታው የምታቆመው ደግሞ ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ትንሽ ቁልፍ ናት። የመሳቢያው ጎማ ወንፊት ከሌለው ጠጠር ይገባል፣ የፓምፑን መዘውር ይነክሳል፣ ሞተሩ በአንድ አፍታ ቀጥ ይላል። ቮላኖው ግን ከባድ ስለሆነ አልቆምም ብሎ ያቺን ቁልፍ ይሸርፋታል። አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ከዞረ ብልጭታው ያለ ሰዓቱ ይመጣል። ካንዴላው ብልጭ ይላል፣ ቤንዚኑ አለ፣ ሞተሩ ግን ይተኩሳል እንጂ አይነሳም። ስንቱ ሰው ቦቢና ገዝቷል በዚህ!

እሱ የማራገቢያውን ሽፋን አውርዶ በ19 ቁጥር መፍቻ ዳዶውን ይፈታል። ቮላኖውን በመዶሻ አይደበድብም፣ በመንቀያ ነው የሚያወጣው፤ ክንፉ ከተሰበረ ማቀዝቀዣው ይዛባል። ዘንጉንና የቮላኖውን ቀዳዳ ደረቅ እስኪሆኑ ጠርጎ አዲስ ቁልፍ ያስገባል፣ ዳዶውን 75 ኒውተን ሜትር ያህል ያጠብቃል። ሚስማር ቆርጦ በቁልፍ ፈንታ የሚያስገባ እንዳለ እናውቃለን፤ ያ ዘንጉን ይበላል፣ ዘንግ ደግሞ ከሞተሩ ዋጋ አይርቅም። ሽፋኑ ከወረደ አይቀር የቦቢናውንና የማግኔቱን ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር፣ የካንዴላውን ከ0.7 እስከ 0.8 ያደርጋል። ሲግል ጉልበት የሚያጣ ሞተር ከሆነ ደግሞ የቫልቮቹን ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ ይለካል፦ ማስገቢያው 0.15፣ ማስወጫው 0.20 ሚሊ ሜትር።

የዘይት መቆጣጠሪያው ነገር ብዙ ሰው የሚያጣላ ነው። ዘይት ሲጎድል ከሞተሩ ሆድ ያለው መቆጣጠሪያ ብልጭታውን ቆርጦ ያጠፋዋል፤ በአንዳንዱ ሞዴል ገመዱ ሲጎተት ቀይ መብራት ብልጭ ይላል። አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ይቺን ሽቦ በጥስልኝና ልሂድ፣ ሽንኩርቱ ጠወለገ» ቢሉት፣ «አባባ፣ ሽቦውን ከበጠስኩ ቀጥሎ የሚበጠሰው የፒስተኑ ዘንግ ነው» ብሎ መለሰላቸው። እውነቱን ነው፤ ሞተሩ የዘይት ፓምፕ የለውም፣ ዘይቱን ከታች እየረጨ ነው የሚቀባው፣ ስለዚህ ትንሽ መጉደል ብዙ ነው። የሚይዘው 0.6 ሊትር ገደማ ብቻ ነው።

ፓምፑን መጀመሪያ ሜዳ ላይ አስተካክሉ። ወንዝ ዳር ተዳፋት ላይ ከ20 ዲግሪ በላይ ካጋደለ ዘይቱ ሙሉ ሆኖም ሊጠፋ ይችላል። የዘይት መለኪያውን ሳታጠብቁት አስገብታችሁ አውጡ፤ ዘይቱ እስከ መሙያው አፍ ጠርዝ መድረስ አለበት። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ብልጭታ ከሌለ፣ የመቆጣጠሪያውን ሽቦ ለጊዜው ነቅላችሁ ብልጭታውን ተመልከቱ፤ ቤንዚን የፈሰሰበት አጠገብ ግን አታድርጉት። ብልጭታው ከመጣ መቆጣጠሪያው ተበላሽቷል ወይም ሽቦው ተልጦ ከብረት ጋር ተነካክቷል። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው፣ በቴፕ ያልቃል። ዘይቱ 10 ደብልዩ 30 የሚባለው ዓይነት ሆኖ በየ100 ሰዓቱ ይቀየራል። በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ሞተር 12 ቀን ማለት ነው፤ «በዓመት አንዴ» የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አናውቅም።

ነቀፌታም አለን። ቀጠሮ አያከብርም፣ ወረፋው ይረዝማል፣ በገበያ ቀን ደግሞ ጭራሽ አይገኝም። የናፍጣ ሞተር አይነካም፣ እሱን ይዛችሁ አትድከሙ። ለሥራው ግን እጁ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ስትሄዱ ሞተሩን አጥባችሁ አትውሰዱ፣ ቤንዚኑንም አትድፉት፤ የጠፋበትን ቤንዚን ማየት ይፈልጋል። የመሳቢያውን ጎማ ከነወንፊቱ ያዙ። ያወጣውን አሮጌ ዕቃም ተቀበሉት፣ ሳትጠይቁትም በጨርቅ ጠቅልሎ ይሰጣችኋል።