ጠፈርተኛው፣ አቤሜሌክና የዋሻው ሰዎች፦ በደሴ የአንድ መጻሕፍት ቤት ውይይት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ መጻሕፍት አከራይ ቤት፣ ሳይንሳዊ ልብ ወለድን መነሻ አድርጎ ስለ ሃይማኖት የሚያወያይ የእሑድ ከሰዓት መርሐ ግብር አለው። መግቢያው ርካሽ ነው፤ ቡናም ይጨመርበታል።

ከታደምኳቸው ሁሉ የላቀው ስለ ረጅም እንቅልፍ የተደረገው ነው። አወያዩ ሰውነቱ ቀዝቅዞ በመንኩራኩር ውስጥ ለዘመናት ከሚተኛው ጠፈርተኛ ተነሥተው ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት አንዱ ወደሆነው ተረፈ ባሮክ ተሻገሩ፤ በዚያ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ በለስ ሊያመጣ ተልኮ ከዛፍ ጥላ ሥር 66 ዓመት ይተኛል፤ ሲነቃ በለሱ እንደ ትኩስ ነው፣ ኢየሩሳሌምን ግን ለይቶ ሊያውቃት አይችልም። አንድ ወጣት ወዲያው የቁርኣንን የዋሻ ምዕራፍ፣ ሱረቱል ካህፍን አነሣ፤ በዚያ ስለ እምነታቸው ሸሽተው ዋሻ ውስጥ የተኙት ወጣቶች፣ የዋሻው ሰዎች፣ 300 ዓመት፣ ዘጠኝም ተጨምሮ ቆይተዋል። አንድ መምህርም 300 የፀሐይ ዓመት በጨረቃ አቆጣጠር 309 ገደማ እንደሚሆን እዚያው አስልተው አሳዩ። (ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ለመስማት ከወሎ የተሻለ ቦታ መኖሩን እጠራጠራለሁ።)

ይሁንና ንጽጽሩ የጠቀመው በመመሳሰሉ ሳይሆን በመለያየቱ ነው። ጠፈርተኛውን የሚጠብቀው ማሽን ስለሆነ ማሽኑ ሲበላሽ እርሱም ይሞታል፤ የዋሻውን ሰዎች ግን ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚያገላብጣቸው ራሱ አላህ እንደሆነ ቁርኣን ይናገራል። ስለዚህ «ተአምሩ የማቀዝቀዣ ቴክኖሎጂ ነበር ማለት ነው» ያለውን ተሳታፊ አወያዩ «የተነሣነው ማን ጠበቃቸው ብለን እንጂ በምን ብለን አይደለም» ሲሉ በትሕትና መለሱት።

ዓለምን በኮምፒውተር እንደተሠራ ጨዋታ፣ ፈጣሪን ደግሞ እንደ ፕሮግራም ጸሐፊ የቆጠረው ሌላው ውይይት ግን ይህ ጥንቃቄ ጎድሎት ነበር። ፕሮግራም ጸሐፊው ራሱ ተወልዶ የሚሞት፣ በሌላው ዓለም ውስጥ የሚኖር ፍጡር ነው፤ ክርስትናም እስልምናም ግን ፈጣሪ አልተፈጠረም ይላሉ። ይህን ነጥብ አንዲት እናት ቢያነሡትም በሰዓት እጥረት ተዘለለ፤ እኔ ብሆን ቡናውን አዘግይቼ እርሳቸውን አስጨርስ ነበር።

ውይይቱን ለመታደም የሚፈልግ ቀደም ብሎ ይሂድ፤ ከኋላ ወንበሮች የባጃጁ ጩኸት ንግግሩን ይውጠዋል። ቤቱም የሚወያይባቸው ልብ ወለዶች አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ስለሆኑ፣ በአማርኛ የተጻፈ የአንድ ገጽ ማጠቃለያ አስቀድሞ ቢያድል ክርክሩ መጽሐፉን ባነበቡት ጥቂት ሰዎች እጅ አይቀርም።