«የቱርክ ኮተን የቤት ቀሚስ»፦ ብር ከመላካችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

እኛ ቤት የቤት ልብስ ማለት ያለቀለት የውጪ ልብስ ነው። ክርኑ የሳሳ ሹራብ፣ ላስቲኩ የለቀቀ ሱሪ፣ የትምህርት ቤት የስፖርት ቲሸርት። እኔም እንደዚያው ስኖር ነበር። ችግሩ በር ሲንኳኳ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ሁሉ ደውሎ አይመጣም። የዕድር ሰብሳቢው ይመጣል፣ ጎረቤት ቡና ልትጠራ ትመጣለች፣ አማት ደግሞ «በዚህ ሳልፍ ነው» ብለው ብቅ ይላሉ። ያኔ ወይ ሮጦ መቀየር ነው፣ ወይ ነጠላ ጣል አድርጎ መሸፋፈን።

ባለፈው ወር በቃኝ አልኩ። የፈለግኩት ቀላል ነገር ነው። ቀኑን ሙሉ ለብሼው የማይጨንቀኝ፣ ሰው ሲመጣ የማያሸማቅቀኝ ቀሚስ። ፈለግኩ፣ አገኘሁ፣ ተሸወድኩ። ማስታወቂያው አሁንም በየስልኩ እየዞረ ስለሆነ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ቴሌግራም ላይ ነው ያየሁት። ፎቶው ያምራል። ረጅም፣ ሰፋ ያለ፣ እጅጌው እስከ ክርን የሚደርስ፣ ኪስ ያለው ቀሚስ። የለበሰችው ልጅ ፊቷ ተቆርጧል፣ ከአንገቷ በታች ብቻ ነው የምትታየው። ከስሩ «ኦሪጅናል የቱርክ ኮተን፣ ፍሪ ሳይዝ፣ 3 ቀሚስ በ3,600 ብር፣ ለዛሬ ብቻ» ይላል። ኮሜንት መጻፊያው ዝግ ነው። እዚያ ላይ መንቃት ነበረብኝ። ዕቃዋን የምታምን ነጋዴ የገዢ አፍ አትዘጋም።

«ሲደርሰኝ ልክፈል» ብዬ ጻፍኩ። «ብዙ ሰው አዞን ስለሚጠፋ ቅድሚያ ነው የምንቀበለው ውዴ» የሚል መልስ መጣ። ይቺ «ውዴ» ስንቱን አስከፍላ ይሆን። በቴሌብር ላክሁ።

በማግስቱ ሞተረኛ ጥቁር ፌስታል ይዞ መጣ። የማድረሻ 200 ብር ተቀበለኝ። «ቆይ ከፍቼ ልየው» ስለው «እኔ አድራሽ ብቻ ነኝ እህቴ» ብሎ ሞተሩን አስነሳ። እውነቱን ነው፣ እሱ ምን ያድርግ።

ፌስታሉን ስፈታ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። የአዲስ ፕላስቲክ ወንበር ሽታ። ኪስ የለውም። ማለቴ፣ ኪስ የሚመስል ስፌት አለው፣ እጅ ግን አይገባበትም። «ፍሪ ሳይዝ» የተባለው ትከሻዬ ላይ ጠቦ ወገቤ ላይ ድንኳን ሆነ።

አንገቱ ላይ በወርቃማ ክር «ኮተን» የሚል ምልክት ተሰፍቶበታል። ጎኑን ገልብጬ ሳይ ግን ልብሱ ከምን እንደተሠራና እንዴት እንደሚታጠብ የሚነግረው ትንሹ ነጭ ጨርቅ የለም። በመቀስ ተቆርጧል። ጭራው ብቻ ስፌቱ ውስጥ ቀርቷል። ሁለተኛውን አየሁ፣ ያው። ሦስተኛውም ያው። ሦስቱም ላይ በአጋጣሚ አይቆረጥም። ልብስ ስትገዙ አንገት ላይ ያለውን አትመኑ፣ ማንም ያሰፋዋል። ጎኑን ገልብጡ።

ጠብታ ውሃ ጣል አደረግኩበት። ኮተን ውሃ ይጠጣል፣ አዲስና ማጠንከሪያ ያለበት ከሆነ ትንሽ ይዘገይ ይሆናል እንጂ። ይሄኛው ላይ ውሃው ጎመን ቅጠል ላይ እንዳረፈ ተንከባሎ ወረደ። ከዚያ ከጫፉ ክር መዝዤ ክብሪት ጫርኩ። ኮተን እንደ ወረቀት ይነዳል፣ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ መጨረሻ ላይ በጣት የሚፈርስ አመድ ይተዋል። የኔው ተኮማተረ፣ ቀለጠ፣ ጥቁር ጠጠር ሆኖ ደረቀ። ፖሊስተር ነው፣ ከፕላስቲክ የሚሠራ ክር። ይሄን የምትሞክሩ ክሩን በወረንጦ ያዙ፣ ከስር ውሃ ያለበት ሳህን ይኑር፣ የቀለጠው እጅ ላይ ይጣበቃል። ከእንጨት የሚሠራው ቪስኮስ የሚባል ጨርቅም እንደ ወረቀት ነው የሚነደው፣ ስለዚህ ክብሪት ከኮተን አይለይላችሁም። ግን ቪስኮስ ለቤት ክፉ አይደለም፣ ይቀዘቅዛል። ሲረጥብ ስለሚደክም ጠምዝዛችሁ አትጭመቁት እንጂ።

«ፖሊስተር ቢሆንስ ምን አለበት?» የሚል አይጠፋም። እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይሄንኑ ነው። ገንዘቡ ሄዷል፣ ቢያንስ ልልበሰው ብዬ ለበስኩት። ከሰዓት በኋላ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። እሱን ቻልኩት። እሁድ ጠዋት ግን ቡና ላፈላ ከሰል ፊት ቁጭ አልኩ። ፍንጣሪ ዘላ ጉልበቴ ላይ አረፈች። ቀሚሱ ምስር የምታህል ቀዳዳ አወጣ፣ ጠርዙ ቀልጦ ቆዳዬ ላይ ተለጠፈ። ጠባሳው እስካሁን አለ። ኮተንም እሳት ይይዘዋል፣ አልክድም። ልዩነቱ ፖሊስተር ሲቀልጥ ከቆዳ ጋር መጣበቁ ነው። በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጀበና የምትጥድ ሴት፣ በዚያ ላይ ሰፊ እጅጌ ለብሳ፣ ይሄን ማወቅ አለባት። ሻጭዋ አትነግራትም።

የማሳፈሩን ነገር ደግሞ አማቴ ጨረሱት። በዚያው ሳምንት መጡ። በሩን ከፍቼ፣ ፀሐዩ በጓሮ መስኮት ከኋላዬ እየገባ፣ «እንዴት ዋሉ እማማ» ብዬ ቆሜያለሁ። እሳቸው ቀና ብለው አላዩኝም። ዝቅ ብለው ጫማቸውን እያወለቁ «ልጄ፣ ነጠላሽን ጣል አድርጊ፣ ብርሃኑ ከኋላሽ ነው» አሉኝ። ሙሉ በሙሉ ያሳያል ለካ! 3,600 ብር ከፍዬ ተመልሼ ነጠላዬ ስር ገባሁ።

ብሬን መልሱልኝ ብዬ ጻፍኩ። «የተሸጠ አይመለስም ውዴ፣ ከፈለግሽ በሌላ ቀለም እንቀይርልሻለን፣ ማድረሻ ባንቺ።» ችግሩ ቀለሙ ነው ያልኳት መሰላት? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለ ብዬ ጻፍኩላት። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል። የጻፍነው ሁሉ ከሷም ከኔም ስልክ ላይ ጠፋ። ቴሌግራም አንዱ ወገን ወሬውን ለሁለቱም እንዲያጠፋ ይፈቅዳል፣ ይሄን አላውቅም ነበር። ላሽ አለችኝ ማለት ነው። ማስታወቂያውን ፎቶ አላነሳሁት፣ ደረሰኝ የለኝም፣ የሱቅ አድራሻ የለኝም። በእጄ ያለው ለአንድ ግለሰብ ብር መላኬን የሚናገር የቴሌብር መልእክት ብቻ ነው። ሕጉ ቢኖርም ማንን ይዤ ልሂድ? እናንተ ብር ከመላካችሁ በፊት ማስታወቂያውንም ወሬውንም ስክሪንሾት አንሱ። ደረሰኝ ትቆርጡልኛላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ብቻውን ብዙዎቹን ያስሮጣል።

አንድ ሌላ ነገር። ሻጭዋ ልብሱን በእጇ ይዛ መስኮት ላይ አድርጋ አጭር ቪዲዮ እንድትልክላችሁ ጠይቁ። እጇ ከጨርቁ ኋላ ከታየ፣ እናንተም ትታያላችሁ። የላከችው ያንኑ ፎቶ ከሆነ ደግሞ ልብሱን እሷም አላየችውም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ምን አደረግኩ? የድሬዳዋ ልጅ የሆነች ጓደኛዬ ሳቀችብኝ። እነሱ ይሄን ጥያቄ ድሮ ነው የመለሱት፣ ድሪያ። ሰፊ፣ ቀላል፣ አየር የሚያስገባ፣ እንግዳ ቢመጣም ሙሉ ልብስ ነው። ግን ድሪያም ስስ ነው፣ ከስር የውስጥ ቀሚስ ይፈልጋል። ፖሊስተሩም በዝቷል። ከድሬዳዋ ገበያዎች ቀፊራም ሂዱ ታይዋን፣ ጠብታ ውሃዋን አትርሱ።

እኔ ግን ማሰፋት መረጥኩ። መርካቶ ሄጄ ከጣቃው ላይ በእጄ ዳስሼ፣ ብርሃን ላይ ዘርግቼ፣ እርጥብ ሶፍት አሽቼበት ቀለም አለመልቀቁን አይቼ 3 ሜትር ኮተን ገዛሁ። የጨርቁ ወርድ ሜትር ተኩል ከሆነ 3 ሜትር ለረጅምና ሰፊ ቀሚስ ይበቃል። ወርዱን ሳትጠይቁ ሜትሩን አትስሙ፣ ጠባብ ጨርቅ ላይ ያው 3 ሜትር ያጥራችኋል። ኮተን በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሰበሰብ ለልብስ ሰፊው ከመስጠቴ በፊት ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳደርኩት። ሰፊው ጋ ስለካ ደግሞ ቆሜ ብቻ አልተለካሁም። በርጩማውን ስቤ ቁጭ አልኩ። ቡና ላይ ስቀመጥ ጉልበቴን የማይሸፍን ቀሚስ ምን ያደርግልኛል? ሰውዬው ግራ ገባው፣ ግን ርዝመቱን ጨመረልኝ። እውነተኛ ኪስም አለው፣ ሁለት።

ልባሽ ጨርቅ የማትንቁ ከሆናችሁ እሱም ጥሩ ነው። ብዙ ጊዜ የጎኑ ጽሑፍ አልተቆረጠም፣ ታጥቦ ታጥቦ ስለመጣም መሰብሰቡን ጨርሷል።

ሦስቱ «የቱርክ ኮተን» ቀሚሶች አሁንም ቤት አሉ። ቀዳዳውን ቀሚስ ቀድጄ የወለል መወልወያ ላደርገው ሞከርኩ። ውሃውን ከዚህ ወደዚያ እየገፋ ወሰደው እንጂ አልጠጣውም።